ለሳተላይት የተሠራ ሹሩባ

ቴፒ ላይ በተቀጠርኩ ሰሞን እግሬ መሬት አይነካም ነበር። ሚሊኒየሙ ከተከበረ ጥቂት ዓመታት አልፈዋል። ጂኦግራፊ ተምሬ፣ ከሳተላይት ፎቶ ካርታ መሥራት ተምሬ፣ አማን ከተማ ካለው የአባቴ ሱቅ ባንኮኒ ጀርባ ተነሥቼ ባለሙያ ተብያለሁ! አባቴ ስኳር እየመዘነ ለደንበኛው ሁሉ «ልጄ ከሰማይ የሚመጣ ፎቶ ነው የምታነበው» ይላል። እኔስ ብሆን ዝም አልኩ? ኧረ ተዉኝ! ከሚዛን ከተማ ወደ ቴፒ በሄድኩበት አውቶቡስ ላይ ረዳቱ ሒሳብ ሲጠይቀኝ ሥራዬን ነበር የነገርኩት። ሰውየው መልሱን ሰጥቶኝ ሸሸ።

ሥራዬ ይኼ ነው። ቢሮው ውስጥ አንዲት ኮምፒውተር አለች፤ መብራት ሲኖር ትነሣለች። ሳተላይቱ ያነሣውን የወረዳውን ፎቶ እከፍትና ይሄ ደን፣ ይሄ እርሻ፣ ይሄ ቡና፣ ይሄ ከተማ እያልኩ ቀለም እሰጣለሁ። ደን ጥቁር አረንጓዴ፣ እርሻ ቢጫ፣ ቡና ቡኒ፣ ከተማ ቀይ። ከዚያ ያማረ ሥራ በዓለም ላይ ያለ አይመስለኝም ነበር። ወረዳ ሙሉ ሰው እየኖረ፣ እየተጣላ፣ እየተጋባ እኔ ወንበሬ ላይ ተቀምጬ እቀባዋለሁ!

ፎቶው ግን እንደምታስቡት ዓይነት ፎቶ አይደለም። ተጠግታችሁ ስታዩት የነጥብ ጥርቅም ነው፤ የእያንዳንዱ ነጥብ ጎን መሬት ላይ ሠላሳ ሜትር ይሆናል። በዚያ ሠላሳ ሜትር ውስጥ ያለው ሁሉ፣ ቤቱም ላሟም ሙዙም አጥሩም፣ ተደባልቆ አንድ ቀለም ይወጣዋል። ዓይኑ የሰፋ ወንፊት በሉት፤ ደቃቁ ነገር ሁሉ ያመልጠዋል። ደቃቁን የሚይዙ ሳተላይቶችም አሉ፤ እነሱ ግን በአንድ ጊዜ የሚያነሡት ጠባብ ቦታ ነው፣ ፎቷቸውም ከእኛ ቢሮ አቅም በላይ ነው። የእኛው ከሚዛን ተነሥቶ እስከ ጋምቤላ ሜዳ ድረስ በአንዴ ይጠርጋል፤ ብዙ ስለሚያይ ጥቂት ነው የሚለየው።

ደግሞ ዓይናችን የማያየውን ብርሃን ያያል። ለምለም ቅጠል በዚያ ብርሃን ቦግ ብሎ ስለሚታይ አረንጓዴ ቀለም የተቀባ ቆርቆሮ አያታልለውም። ጠዋት አምስት ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ያልፋል፤ ፀሐይ ገና ዘንበል ስላለች የጌጫ ተራሮች ጥላ ሸለቆውን ያጨልመዋል። አንዴ ካለፈ የሚመለሰው በአሥራ ስድስተኛው ቀን ነው። ያን ቀን ደመና ካለ ደመናውን አንሥቶ መንገዱን ይቀጥላል፤ ነገ ልመለስ አይልም። እኛ አገር ደግሞ ደመና መቼ ጠፍቶ! ክረምቱ አይቆረጥ፣ በጋው አይታመን፤ ከዓመት ዓመት ጥርት ያሉ ፎቶዎች ቢቆጠሩ የእጅ ጣት አይሞሉም።

ይህንን ሁሉ ለሰፈሩ ሰው እንዲህ በደንብ አስረድቼ ቢሆን ኖሮ የደረሰው ሁሉ አይደርስም ነበር። እኔ ያስረዳሁት ግን «ሁሉንም ያያል» ብዬ ነው። በቃ! ከዚያ በኋላ ማን ያስቀምጠኝ? አንዱ በቅሎው ከጠፋች ሦስት ሳምንቷ ነው፣ ፈልጊልኝ ይለኛል። አንዷ ባሏ ቅዳሜ ቅዳሜ የት እንደሚውል በምስጢር ትጠይቀኛለች። እኔም «ባልሽ ከሠላሳ ሜትር ያንሳል፣ አይታይም» እላለሁ። «ለነገሩ ድሮም ያንሳል» ብላኝ ስቀን ልንሞት።

የተከራየሁት እትዬ ዘንድ ነበር። እትዬ ባላቸው የሞተባቸው፣ ሦስት ልጆች የሚያስተምሩ፣ ቀጭን፣ ፈጣን ሴት ናቸው። አፋቸውን የፈቱት በሸካ ቋንቋ ስለሆነ አማርኛቸው ለየት ያለ ዜማ አለው፤ ሲቆጡ ዜማው ይጨምራል። እንደ ልጃቸው ነበር የሚያዩኝ። ሁልጊዜ ጠዋት «ጫካ ልወርድ ነው» ብለው ይወጣሉ፤ ማታ ቅርጫት ሙሉ ቀይ ቡና ተሸክመው ይመለሳሉ። ጫካ ያው ጫካ ነው ብዬ አልጠየቅኳቸውም። እኔ ቡና ማለት የሚመስለኝ ከከተማው አጠገብ እንዳለው ትልቅ ተክል፣ በመስመር ተተክሎ ወታደር መስሎ የቆመውን ነው። ኮምፒውተሯንም ያስተማርኳት እንደዚያው ነበር፤ ያን ተክል አሳይቻት «ቡና ማለት ይሄ ነው፣ ይሄን ያልመሰለ ዛፍ ሁሉ ደን ነው» ብያታለሁ። እሷም ታዛዥ ናት፣ ያልኳትን አደረገች።

ካርታው ሲያልቅ አለቃዬ በፍሬም አሠርቶ ግድግዳው ላይ ሰቀለው። ሰው እየመጣ ያየዋል፤ እኔ በየምክንያቱ በዚያ በኩል አልፋለሁ። ከዚያ አንድ ማክሰኞ አለቃዬ ጠርቶኝ ካርታው ዞን ድረስ ሄዶ እንደተወደደ፣ «ባዶ መሬት» የሚመረጠውም በእሱ እንደሆነ፣ ከወንዙ እጥፋት እስከ መንገዱ ያለው ትልቁ አረንጓዴ ደግሞ ለአንድ ባለሀብት እንደታጨ ነገረኝ። ተመንጥሮ ሻይ ሊተከልበት ነው። በእኔ ካርታ! ከደስታዬ ብዛት ቤቴ እየሮጥኩ ገባሁ።

እራት ላይ ለእትዬ ማውራት ጀመርኩ።

«የቱ ወንዝ?» አሉኝ።

«ድልድዩን አልፎ ወንዙ የሚታጠፍበት ቦታ።»

«ቤተ ክርስቲያኑ ሳይደረስ?»

«እሱው! ማንም የሌለበት ንጹሕ ደን ነው እትዬ።»

እጃቸው ሳህኑ ላይ ቀረ። «ልጄ፣ እኔ አለሁበት» አሉ።

ሳቅሁ። ምን ላድርግ፣ ስደነግጥ እስቃለሁ፣ የተፈጠርኩት እንዲህ ነው። እትዬ ግን አልሳቁም። ሳህኑን ገፋ አድርገው «ነገ ከእኔ ጋር ትወርጃለሽ» ብቻ ብለው ተነሡ።

በማግስቱ የሟች ባላቸውን ቦት ጫማ አጥልቄ ተከተልኳቸው። ቦቱ ሁለት ቁጥር ስለሚበልጠኝ አንዱ እግሬ ሲነሣ ቦቱ ጭቃው ውስጥ ይቀራል፤ እየወደቅሁ እየተነሣሁ፣ እሳቸው «ወይ ባለሙያ!» እያሉ ወረድን። ከዚያ ዋንዛና ቀረሮ የሚባሉት ትልልቅ ዛፎች መሀል ገባን። ምን ልበላችሁ? ቡና! በግራ ቡና፣ በቀኝ ቡና፣ ከእኔ ቁመት በላይ የሆነ፣ ቅርንጫፉ በቀይ ፍሬ ተጎንብሶ መሬት ሊነካ የደረሰ ቡና። ከሥሩ ኮረሪማ፣ ከላይ ዛፉ ላይ የተሰቀለ ቀፎ። የጎረቤቶቻቸውም ቁራጭ ቁራጭ እዚያው ይቀጥላል፤ ድንበሩ ዛፍ ነው፣ ሁሉም የየራሱን ያውቃል።

«ይሄን እናቴ ናት የተከለችው» አሉኝ አንዱን አሮጌ የቡና እግር እየነኩ። «ይሄኛውን ባሌ። ልጆቼ የሚማሩት በዚህ ነው። ከዚህ ሌላ የለኝም፣ አንቺ። ምንም የለኝም።»

ቀና አልኩ። ቅጠል ብቻ። ከቅጠሉ በላይ ሌላ ቅጠል። ሰማይ የሚባል ነገር በመርፌ ቀዳዳ ያህል እንኳ አይታይም። እኔ ሰማዩን ካላየሁት ሰማዩ እኔን በየት በኩል ያየኛል? የጥላውን ዛፍ ብቻ ነው ያነሣው! ይህን ለማወቅ አራት ዓመት ዩኒቨርሲቲ አላስፈለገም፤ ቀና ማለት ብቻ ነበር የሚያስፈልገው። ሁለት ዓመት ሙሉ የዚያን ቡና ፍሬ ግቢው ውስጥ እየተራመድኩበት «ይሄ ከየት ነው የሚመጣው?» ብዬ አንድ ቀን አልጠየቅሁም።

እየበረርኩ ቢሮ ገባሁና «ተሳስቻለሁ!» አልኩ። አለቃዬ ክፉ ሰው አይደለም፤ ፈሪ ነው እንጂ። «ካርታው ዞን ደርሷል» አለኝ። «የዞኑ ኮሚቴ በሚመጣው ሐሙስ ድንበሩን ሊያይ ይመጣል፣ በሳምንቱ ርክክቡ ይፈረማል።»

«ገብተው ይዩታ!»

«እነሱ ከመኪና አይወርዱም። ካርታ የተሠራው እኮ እንዳይወርዱ ነው። ከሰማይ የታየውን በወሬ ሽሩልኝ ልበላቸው? ሌላ ፎቶ አምጪ፣ ያኔ እናገራለሁ።»

እትዬ በበኩላቸው ቀበሌ ሄዱ፤ በጽሑፍ አምጡ ተባሉ። ጎረቤቶቻቸውን ለአቤቱታ እንፈርም ብለው ዞሩ፤ ሁሉም አዘነ፣ ሁሉም ከንፈሩን መጠጠ፣ አንድም የፈረመ የለም። ፀረ-ልማት ተብሎ ስሙን ማን ያስመዘግባል? ማታ ባዶ ወረቀታቸውን ይዘው ተመለሱ። እኔም ያን ባዶ ወረቀት ሳይ ነው እብደቱ የመጣልኝ።

ቀን መቁጠሪያውን አውርጄ ቆጠርኩ። ሳተላይቱ ተመልሶ የሚያልፈው የዚያው ሐሙስ ዕለት ነው! «እትዬ! ሳተላይቱም ኮሚቴውም በአንድ ቀን ነው የሚመጡት!» ብዬ ጮህኩ። «ቡናውን ከጥላው ሥር አውጥተን ሜዳ ላይ እናስጣው! ይየዋ! ቅርጫት ሙሉ አይበቃም፣ ሁሉም ሰው ያለውን ያውጣ። አንድ ነጥብ ለመሙላት ሠላሳ በሠላሳ ሜትር ይበቃል፤ ነጥቡ ከየት እንደሚጀምር ስለማናውቅ ግን ስልሳ በስልሳ እናድርገው። ከሥሩ ነጭ ማዳበሪያ ከረጢት እናንጥፍ፣ ነጭ በደንብ ይታያል!»

ዛሬ ሳስበው የጤና አልነበረም። ዳር ላይ የተሰጣ ቡና አይቶ የዛፉን ሥር ቡና ማን ያምናል? ያኔ ግን የዓለምን ችግር የፈታሁ መስሎኝ ነበር። እትዬ ዓይን ዓይኔን አዩኝ። ከዚያ «ሰውስ መቆም ይችላል?» አሉኝ።

«የት?»

«ፎቶው ላይ ነዋ። ሰው ቢሰለፍ ያነሣዋል?»

«ብዙ ሰው ከሆነ፣ እንዴ፣ ነጭ ለብሶ ከሆነ... ይረዳል!» አልኩ።

«በቃ እኔ እነግራቸዋለሁ» አሉ።

ሜዳውን በመምረጥ ተጣላን። እኔ ከላይ ያለው የትምህርት ቤቱ ሜዳ ይሁን አልኩ፤ ገላጣ ነው፣ የተራራ ጥላ አይደርስበትም፣ ለሳተላይት የተፈጠረ ነው። እትዬ ሞቼ እገኛለሁ አሉ፤ ሰው ዳገት ላይ ቡና አይሸከምም፣ መንገዱ ዳር ያለው ሜዳ ነው የሚሆነው። በሳይንስ አስረዳኋቸው። በዜማ መለሱልኝ። መንገዱ ዳር ሆነ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ሳምንት ዕድሜዬን ሙሉ አልረሳውም። ለአቤቱታ አንድ ሰው ያልተገኘበት ሰፈር «ሐሙስ ከሰማይ ፎቶ ልንነሣ ነው» ሲባል ጉድ ፈላ! በሸካም፣ በቤንችም፣ በሸኮም፣ በጉራጌም ወሬው አንድ ሆነ። የመጀመሪያውን ጥያቄ ያነሣችው አንዲት ጎረቤታችን ናት። «ከላይ ነው አይደል የሚያነሣን?» አለችኝ። አዎ አልኳት። «ታዲያ የሚታየው ፊታችን ሳይሆን አናታችን ነዋ!» ብላ ጮኸች።

ትክክል ናት፣ ምን ይባላል? የሰፈሩ ሴት በሙሉ ሹሩባ ሊሠራ ወጣ። ሹሩባ የምትሠራው ሴትዮ ደጃፍ ላይ ሁለት ቀን ሙሉ ወረፋ ነበር፤ ከአማን እህቷን አስመጥታ እንኳ አልደረሱበትም። «ለሳተላይት የሚሆን ነው፣ መስመሩን ሰፋ አድርጊልኝ» ይሏታል፤ ሠላሳ ሜትር ያልኩትን እነሱም ሰምተዋል! ወንዶቹ ደግሞ ባርኔጣ ይደረግ ወይስ ይውለቅ በሚለው ተከፋፈሉ። አንድ ራሰ በራ ጎረቤት ነበሩ፣ ቀልደኛ ሽማግሌ፤ «የእኔን አናት ያለ ፎቶም ያየዋል» እያሉ በቫዝሊን ይወለውሉ ጀመር። ሠላሳ ሜትር ማለት ምን ማለት እንደሆነ፣ አናት ቀርቶ ቤታቸውም ለብቻው እንደማይታይ ልነግራቸው ስንቴ አፌን ከፈትኩ! እትዬ በየጊዜው ጎኔን ይጎስሙኛል። እኔም ተሠራሁ እንጂ። ምን ቸገረኝ፣ ስድስት ወፍራም መስመር።

ሐሙስ ጠዋት ሰማዩ ጥርት ብሎ ነጋ። እሰይ! ከሁለት ሰዓት ጀምሮ ሰው ቡናውን እየተሸከመ ከዛፉ ሥር ይወጣ ጀመር፤ በቅርጫት፣ በጆንያ፣ በቆርቆሮ ባልዲ። እኔ ስልሳ ሜትር በስልሳ ለክቼ ገመድ አስወጥሬያለሁ። ነጭ ከረጢቱ ተነጠፈ፣ ቀዩ ፍሬ ተሰጣ፣ ዙሪያውን ሰው ነጠላና ጋቢውን ለብሶ ቆመ። ከጅማ መጥተው የሰፈሩት ቤተሰቦች ነጭ ጀለቢያቸውን ለብሰው መጡ። ሁሉም ሹሩባውን ወደ ሰማይ ለማሳየት አንገቱን ደፋ አድርጓል፤ ከሩቅ ያየ ሰው ሁሉም ሳንቲም ጠፍቶበት የሚፈልግ ይመስለው ነበር። ሳቅ ብቻ! እኔ ሰዓቴን ይዤ በመሀል እየሮጥኩ «ገና ነው! ገና ነው!» እላለሁ።

አራት ሰዓት ላይ በጌጫ በኩል ደመና ብቅ አለ። አራት ተኩል ሲሆን ግማሽ ሰማይ ይዟል። ወደ አምስት ሰዓት ግድም አናታችን ላይ ጥርቅም አድርጎ ዘጋው። ሳተላይቱ በዚያችው ደቂቃ ከላያችን እያለፈ ነው፤ የሚያነሣው ደግሞ የደመናውን ጀርባ ነው። ሌላው ቀን ከአሥራ ስድስት ቀን በኋላ ነው፤ ርክክቡ በሳምንት። እንባዬ መጣ፣ ከእንባው ጋር ደግሞ ያ የተረገመ ሳቅ! እትዬን በእጃቸው ይዤ «አለቀልን፣ አያየንም። ሰዉን ወደ ቤታችሁ ግቡ ልበላቸው» አልኳቸው።

«ዝም በይ!» አሉኝ። ክንዴን ጨመቁት፤ ያን ያህል ጉልበት አላቸው ብዬ አላውቅም። «ማንም አይንቀሳቀስ። ገና ነው በያቸው።»

«ገና ነው!» እያልኩ በሰልፉ መሀል ሮጥኩ።

ብዙ አልቆየም፤ በጌጫ በኩል ሁለት መኪኖች አቧራ እያስነሡ መጡ። ኮሚቴው ነው። ያን ሁሉ ሰው በበዓል ልብስ፣ በአዲስ ሹሩባ፣ አንገቱን ደፍቶ በአክብሮት ቆሞ ሲያዩ የፊተኛው መኪና ቀስ አለ፣ ቆመ። ሰብሳቢው፣ ሸበት ያለ፣ ጫማው የሚያብረቀርቅ ሰው፣ ፈገግ ብሎ ወረደ። አቀባበል የተደረገለት መስሎታል! «ኧረ ይሄን ያህል ምን አስቸገራችሁ!» እያለ እጅ ይጨብጥ ጀመር። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ሰው ጨበጠና ራሰ በራው ሽማግሌ ጋ ሲደርስ አናታቸው ላይ ያለው ቫዝሊን አንጸባረቀበት መሰለኝ፣ ቆም አለ።

«ዝግጅቱ ምንድን ነው?» ሲል ጠየቃቸው።

ሽማግሌው በጣታቸው ወደ ላይ አመለከቱ። ሰዉ ሁሉ ወደ ላይ አመለከተ። ሰብሳቢውም ወደ ላይ አየ፣ ኮሚቴውም ወደ ላይ አየ፣ ሾፌሮቹም በመስኮት አንገታቸውን አውጥተው ወደ ላይ አዩ። ደመና ነው። ከዚያ አንዷ ሳቋን መቆጣጠር አቃታትና ፈነዳች፤ ሜዳው በሙሉ በሳቅ ተናጋ። ደግነቱ ሰውየውም ሳቀ።

ሳቁ ጋብ ሲል እግሩ ሥር ያለውን አየ። ስልሳ በስልሳ ቀይ ቡና። «ይሄ ሁሉ ከየት ነው?» አለ።

እትዬ ከሰልፉ ወጡ። ነጠላቸውን አስተካከሉ፣ እጅ ነሡ። «ከዚሁ ነው ጌታዬ» አሉ ወደ ዛፎቹ እያሳዩ። «ባዶ ነው ከተባለው ቦታ።»

ሰብሳቢው በእጁ የያዘውን ካርታ አየ፣ ዛፎቹን አየ፣ የሚያብረቀርቅ ጫማውንም አየ። ያን ያህል ሰው እያየው ወደ መኪናው መመለስ እንዴት ይሆንለታል? «ያሳዩኝ እስቲ» አለ።

ገባን። እሱ ከፊት ከእትዬ ጋር፣ እኔና ኮሚቴው ከኋላ፣ ሰፈሩ በሙሉ ከኋላችን። ጭቃው የጫማውን ብርሃን ወዲያው አጠፋው። ቅርንጫፍ እየገፋ ሄዶ ሄዶ መሀል ላይ ሲደርስ ቆመና ቀና አለ። ቅጠሉን አየ። ከዚያ ዞሮ «ይሄን ካርታ የሠራው ማነው?» አለ።

«እኔ ነኝ ጌታዬ» አልኩ።

«እዚህ ገብተሽ አይተሽ ነው ደን ያልሽው?»

«አልገባሁም።» ያኔ ሳቅ የሚባል ነገር አልመጣልኝም። «ሳልገባበት ነው የቀባሁት።»

«ይህችን የነገርሽኝን ቃል በጽሑፍ አድርገሽ ፈርመሽ አምጪልኝ» አለኝ። እዚያው የአንዱ ሰው ትከሻ ላይ የኮረሪማ ቅጠል አንጥፌ ጻፍኩለት፤ ከኮሚቴው ጋር የመጣው አለቃዬ የወረቀቱን ጫፍ ይዞልኛል። ፈረምኩ። ከፈረምኩት ወረቀት ሁሉ በጣም የምወደው እሱን ነው። በሳምንቱ ርክክቡ አልተፈረመም፤ ያ አረንጓዴ ከዝርዝሩ ወጣ። የሰፈሩ ሰው ደስታ ለቀናት አልበረደም። እኔን የሚስመኝ ሰው ብዛት! ጉንጬ አበጠ ስላችሁ።

ሰው ፎቶውን ይጠብቅ ነበር። ሚዛን ሄጄ ኢንተርኔት ቤት ውስጥ ግማሽ ቀን ተጎልቼ አወረድኩት፣ በትልቅ ወረቀት አሳተምኩት። የእኛ ቦታ ያለበት ሁሉ ነጭ ነው፤ ደመና፣ ደመና፣ ደመና። እየፈራሁ ይዤው መጣሁ። እትዬ ግቢ ሰው ተሰብስቧል። እውነቱን ነገርኳቸው፤ «አልታየንም፣ ይሄ ደመና ነው» አልኩ። የሰማኝ የለም! «ይኼ ነጩ ነጠላችን አይደለም እንዴ?» አለች አንዷ። ራሰ በራው ሽማግሌ ከሁሉም የነጣውን ቦታ መርጠው «ይኼ እኔ ነኝ» አሉ። ክርክር ተነሣ፤ ሌላውም በነጩ ውስጥ የራሱን አናት አገኘ። ወረቀቱ ከእጅ ወደ እጅ ተዘዋውሮ ሲያበቃ ሰዉ እየሳቀ ወጣ።

እኔና እትዬ ብቻችንን ቀረን። ወረቀቱን እያጠፍኩ «አዝናለሁ እትዬ፣ ፎቶው ለምንም አልሆነም» አልኳቸው።

«ፎቶ ማን ፈለገ?» አሉኝ።

ቀና ብዬ አየኋቸው። ቡናውን በእጃቸው እያገላበጡ ነው፣ እኔን አያዩኝም።

«ለአቤቱታ ስጠራቸው አንድ ሰው አልመጣልኝም» አሉ። «ለፎቶ ብዬ ስጠራቸው ፀጉሩን ሳይቀር ተሠርቶ መጣ። እነዚያ ባለመኪኖች ደግሞ ሰው ተሰልፎ ካዩ መውረዳቸው አይቀርም፤ መንገዱ ዳር እንሁን ያልኩሽ ለዚህ ነው። አንቺ ሰማዩን ጠብቂ ብዬ ተውኩሽ።»

ቀጥለው «ብቻ አንድ ነገር ልጠይቅሽ» አሉኝ። «በዚያ ካርታሽ ላይ አረንጓዴው የእኛ ብቻ ነው?»

አልነበረም። አረንጓዴው ብዙ ነበር፤ እስከ ጌጫ መንገድ፣ ከጌጫም ወዲያ። በአንዱም አልገባሁም። ለእትዬ ይህንን ስነግራቸው ተነሥተው ቦቱን አምጥተው ጫፉ ውስጥ ጨርቅ ጠቅጥቀው እግሬ ላይ ለኩልኝ። በማግስቱ ጠዋት ከወንዙ ማዶ ካለው ጀመርን፤ የመጀመሪያውን ዛፍ አልፈን ገና ጥቂት ሳንሄድ አንዲት የማናውቃት ሴት ቡና ስትለቅም አገኘናት።